ብረት ሁሉ አንድ አይደለም! በሰፈራችን ለሚበየደው የከባድ መኪና መጎተቻ የተሰጠ መልስ



ባለፈው ወር በዚሁ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ «ክሬን መጥራት ቀረ!» የሚል ጽሑፍ ተለጥፎ እንደ ነበር ታስታውሳላችሁ። ጸሐፊው ስማቸውን አልገለጹም፤ እኛም ማንነታቸውን ለመፈለግ አልተነሣንም። ክርክራችን ከሐሳቡ ነው እንጂ ከሰውየው አይደለም። ጽሑፉ የሚለው ባጭሩ እንዲህ ነው። የተበላሸ ሲኖትራክ ወይም አይሱዙ ለማስነሣት ለክሬን ያን ሁሉ ገንዘብ መክፈል ከንቱ ነው፤ አንድ የ2 ኢንች የውሃ ቧንቧ፣ ሁለት ቁራጭ ላሜራ፣ ሁለት ቡሎንና የግማሽ ቀን ብየዳ ካለ ማንም ሰው መጎተቻ ይሠራል። ለዚህም ሦስት ማስረጃ ይደረድራል፤ አንደኛ «ጎትተንበታል፣ አልተበጠሰም»፤ ሁለተኛ «ብረት ብረት ነው»፤ ሦስተኛ «አባቶቻችንም እንዲሁ ሲያደርጉ ኖረዋል»።

ጽሑፉን ያነበበ ብዙ ሰው «አበጀህ!» ብሎ አልፏል። ከዚያ ወዲህም በሰፈራችን ሁለት እንዲህ ያሉ መጎተቻዎች ተበይደው፣ ቀይ ቀለም ተቀብተው፣ በየጋራዡ ግድግዳ ተደግፈው ቆመው ይታያሉ። ዝም ቢባል ሦስተኛውና አራተኛው ይከተላሉ። ስለዚህ መልስ መስጠት ግድ ሆነ።

ጉዳዩ የማን ነው?

«ይህ የሾፌርና የበያጅ ነገር ነው፤ እኛን ምን አገባን?» የሚል ሰው ቢኖር፣ እስቲ ጧት ከ1 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ወደ ትምህርት ቤቱ የሚወስደውን ቁልቁለት ወርዶ ይመልከት። በአንድ በኩል ከባድ መኪኖች ተደርድረው ቆመዋል፤ በሌላው በኩል የጉሊት እናቶች ሽንኩርትና ቲማቲም ዘርግተዋል፤ መሐል ላይ ቦርሳ ያዘሉ ሕፃናት ይወርዳሉ። የእግረኛ መንገድ የሚባል የለም። ሞተሩ የጠፋ፣ ፍሬኑ የተፈታ፣ በአንድ ቧንቧ የተንጠለጠለ መኪና የሚወርደውም በዚሁ መንገድ ነው። ሕዝቡ አይሱዙን «አልቃይዳ»፣ ሲኖትራክን «ቀይ ሽብር» ብሎ የሰየመው ሞተራቸውም ፍሬናቸውም እየሠራ ሳለ ነው። ሁለቱም በሌሉበት ጊዜ ምን ሊባሉ ነው?

አስቀድመን አንድ ነገር ግልጽ እናድርግ። ይህ ጽሑፍ በድካሙ የሚያድረውን ሾፌር ለመውቀስ አልተጻፈም። መኪናው መንገድ ላይ ሲቆምበት ሥራው እንደሚቆም፣ ዕዳው ግን እንደማይቆም እናውቃለን። በያጆቻችንንም አንንቅም፤ የቤታችንን በር፣ የመስኮታችንን ፍርግርግ፣ የአልጋችንን እግር የበየዱልን እነሱ ናቸው። ነገር ግን በር ሲላቀቅ ሌባ ይገባል፤ መጎተቻ ሲላቀቅ ሰው ይሞታል። ሁለቱን በአንድ ዋጋና በአንድ ጥንቃቄ መሥራት አይቻልም፤ የክርክራችን ሥሩ ይኸው ነው።

1ኛ/ «ጎትተንበታል፣ አልተበጠሰም» ስለሚለው

ይህ አባባል ውሸት አይደለም። ችግሩ ግን መጎተቻ ብረት የሚጎትት ብቻ ሳይሆን የሚገፋም መሆኑን መዘንጋቱ ነው። ገመድ ወይም ካቦ የሚሠራው ሲጎተት ብቻ ነው። ብረት የተፈለገበት ዋና ምክንያት ደግሞ የፊተኛው መኪና ፍሬን ሲይዝ ወይም ቁልቁለት ሲወርድ፣ የኋለኛው መጥቶ እንዳይጋጨው መሐል ቆሞ እንዲከላከል ነው። እንግዲህ የብረቱ እውነተኛ ፈተና ዳገቱ ላይ አይደለም፤ ቁልቁለቱ ላይ ነው።

አንድ ደረቅ የእንጨት ስንጥር በሁለት እጃችሁ ይዛችሁ ግራና ቀኝ ሳቡት፤ እጃችሁ ይደክማል እንጂ እሱ አይበጠስም። አሁን ያንኑ ስንጥር ከሁለቱም ጫፍ ወደ መሐል ግፉት፤ ወዲያው ጎብጦ ቀጭ ይላል። ቧንቧውም እንዲሁ ነው።

በቁጥር እንየው። ተራው የ2 ኢንች የውሃ ቧንቧ የውጭ ስፋቱ 60 ሚሊሜትር ያህል፣ የግድግዳው ውፍረት ከ3 ሚሊሜትር ተኩል ጥቂት ከፍ ያለ ነው። እንዲህ ያለ ቧንቧ ሲጎተት ቅርጹን ሳይለቅ ወደ 15 ቶን ይችላል። በዚህ ጸሐፊው እውነት አላቸው። ነገር ግን 3 ሜትር ርዝመት ያለውን ያንኑ ቧንቧ ከጫፍና ከጫፍ ብትገፉት፣ ፍጹም ቀጥ ያለና ኀይሉም በትክክል በመሐሉ የሚያልፍ ቢሆን እንኳ 6 ቶን ሳይሞላ ይጎብጣል። ትንሽ የተጣመመ ከሆነ ወይም ጆሮው ወደ ጎን ተዛንፎ ከተበየደ ደግሞ ከዚያም በታች ነው። ርዝመቱ ወደ 4 ሜትር ሲያድግ አቅሙ ወደ ግማሽ ይወርዳል፤ ወደ 6 ሜትር ሲያድግ ሩብ ብቻ ይቀራል። ብዙዎች «ረዘም ሲል ለመታጠፍ ይመቻል» እያሉ የሚያስረዝሙት ይህንን ሳያውቁ ነው።

አሁን ደግሞ የመኪናውን እንይ። ከነጭነቱ 20 ቶን የሚመዝን መኪና በሜዳ አስፋልት ላይ ቀስ ብሎ ለመሄድ የሚፈልገው 200 ኪሎ ያህል ጉልበት ብቻ ነው፤ ስድስት ሰባት ጎረምሳ ተረዳድቶ ይገፋዋል። ሰውን የሚያታልለውም ይኸ ነው፤ «ሰው የገፋውን ቧንቧ እንዴት ያቅተዋል?» ይላል። በየ100 ሜትሩ 10 ሜትር በሚወርድ ቁልቁለት ላይ ግን ያው መኪና በራሱ ክብደት ብቻ 2 ቶን ያህል ወደ ታች ይገፋል። የፊተኛው ሾፌር አንድ ሕፃን ዘው ብሎበት መካከለኛ ፍሬን ቢይዝ 6 ቶን ያህል ይጨመርበታል፤ ድምሩ 8 ቶን ነው። ቧንቧው 6 እንኳ አልሞላም ነበር። ቀሪውን ማን ይሸከመው? የፊተኛው መኪና ቀለል ያለ ከሆነ ደግሞ ጎታች መሆኑ ቀርቶ ተገፊ ይሆናል፤ ኋላው ወደ ጎን ይሸሻል፤ ሁለቱ መኪኖች መንገዱ ላይ ተጣጥፈው ይቀራሉ።

በነሐሴ 2016 ዓ.ም. በዚሁ ቁልቁለት የሆነው ይህ ነበር። አንድ ባዶ መኪና፣ እደግመዋለሁ፣ ባዶ መኪና፣ በሰፈር በተበየደ ቧንቧ ሲጎተት ዳገቱን ምንም ሳይል ወጥቶ፣ ቁልቁለቱ አጋማሽ ላይ ቧንቧው እንደ ቀስት ጎበጠ፤ ጆሮው ተነቀለ፤ መኪናው ወደ ጎን ዞሮ የአንዲት ሱቅ ግድግዳ ውስጥ ገብቶ ቆመ። ጊዜው ክረምት ስለነበረ ትምህርት ቤቱ ዝግ ነው፤ ዝናብ ስለነበረም ጉሊት የወጣ ሰው አልነበረም። በዚህ ብቻ ተረፍን። «ተመስገን» ብለን ግድግዳውን አስጠገንን፤ ቧንቧው ተቃንቶ እንደገና ተበየደ! እንዴ! የጎበጠ ቧንቧ ተቃና ማለት እኮ ዳነ ማለት አይደለም። አንዴ የታጠፈበት ቦታ ሁለተኛ ጊዜ የሚታጠፍበትን ቦታ ምልክት አድርጎ ያስቀምጣል።

2ኛ/ «ብረት ብረት ነው» ስለሚለው

ሥጋ ሁሉ ሥጋ ነው ብሎ ብርንዶና ቅልጥም በአንድ ዋጋ የሚገዛ የለም። ብረትም እንዲሁ ነው። በሰፈራችን መጎተቻ የሚሠራባቸውን አራት ነገሮች እንያቸው፤ አብዛኞቹ ከምናለሽ ተራ ወይም ከቆራሌው የተገኙ ናቸው።

ሀ/ ፌሮ። ፌሮ ለኮንክሪት የተፈጠረ ነው። ጥንካሬውን ያገኘው አንዳንዱ ፋብሪካ ውስጥ ግሎ ሳለ በውሃ በመቀዝቀዙ፣ አንዳንዱ ደግሞ ካርቦኑ ከፍ በማለቱ ነው። ብየዳ ሲያርፍበት የመጀመሪያው ዓይነት ይለሰልሳል፤ ሁለተኛው ብየዳው አጠገብ ይደርቅና ይሰባበራል። የትኛው የትኛው እንደሆነ ከቁርጥራጭ ክምር ውስጥ በዐይን መለየት አይቻልም።

ለ/ የባሌስትራ ቅጠል። «ከዚህ የሚጠነክር የለም» ተብሎ ለጆሮ የሚበየደው ይህ ነው። እውነት ነው፣ ባሌስትራ ጠንካራ ነው፤ ግን ጥንካሬው የመጣው ከእሳትና ከዘይት በተለካ አሠራር ነው። ሜዳ ላይ በየዱትና ነፋስ ሲያቀዘቅዘው፣ ከብየዳው ጎን ያለው ክፍል እንደ ብርጭቆ ይሆናል። ብርጭቆ ደግሞ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ አይሰበርም።

ሐ/ ዚንክ የተቀባ ቧንቧ። ቀለሙ ብርማ የሆነው የውሃ ቧንቧ ሲበየድ ነጭ ጢስ የሚወጣው ዚንኩ እየተቃጠለ ስለሆነ ነው። ጢሱ ብየዳው ውስጥ ቀዳዳ ይተዋል። በያጁም ማታ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ሲለው «ምች መታኝ» ይላል እንጂ ሥራው እንዳመመው አያውቅም። ቢያንስ ዚንኩ በሞላ ተሞርዶ ሳይነሣ እሳት ሊነካው አይገባም።

መ/ ቡሎን። ሁለቱን መኪና የሚያያይዘው በመጨረሻ ጣት የምታህል ቡሎን ናት! ቡሎን በአንድ ጆሮ ብቻ ስታልፍ ጠቅላላው ኀይል አንድ ቦታ ላይ ይቆርጣታል፤ በሁለት ጆሮ መሐል ስትያዝ ግን ኀይሉ ለሁለት ይከፈላል። ጥርሱ የተቆረጠበት ክፍል ኀይሉ በሚያርፍበት ላይ ከዋለ ደግሞ ያው ጥርሱ ራሱ የመሰንጠቂያ መጀመሪያ ይሆናል። ለዚህ የሚሆነው ጥርስ የሌለው፣ ወፍራም፣ እንዳይወጣ መቆለፊያ ያለው ፒን ነው።

ብየዳው ራሱስ? ላይ ላዩን የዓሣ ቅርፊት መስሎ ያማረ ብየዳ ውስጡ ብረቱን ሳይዝ ተኝቶ ሊሆን ይችላል። በክረምት እርጥበት የጠጣ ኤሌክትሮድ የተጠቀመ ሰው ደግሞ ሥራውን ጨርሶ እጁን ታጥቦ ከሄደ ከሰዓታት በኋላ ብየዳው ውስጥ ውስጡን ይሰነጠቃል። ከዚያ ቀዩ ቀለም ይመጣና ሁሉን ይሸፍናል። ውድ ነዋሪዎች፣ ቀለም የተቀባ መጎተቻ ስታዩ «ተሠርቶ አለቀ» አትበሉ፤ «ምኑ ተሸፈነ?» በሉ።

ሌላም አለ። መጎተቻው የቱንም ያህል ቢጠነክር የሚታሰረው የት ነው? በዐይናችን ያየነው ፓራውልት ላይ ሲታሰር ነው። ፓራውልት የተሠራው ግጭትን ለማለዘብ እንጂ ሃያ ቶን ለመጎተት አይደለም። መኪናው ከፋብሪካ ሲመጣ ከሻንሲው ጋር የተያያዘ የመጎተቻ ቦታ አለው፤ ከዚያ ውጪ ያለው ሁሉ ጌጥ ነው።

ስለ ፍሬኑና ስለ ረዳቱ

ባለፈው ጽሑፍ ውስጥ አንድም ቃል ያልተነገረለት ትልቁ ነገር ይህ ነው። የአየር ፍሬን ያለው ከባድ መኪና ሞተሩ ጠፍቶ አየሩ ሲያልቅ ዝም ብሎ አይለቀቅም፤ የኋላ ጎማዎቹ ላይ ያለው ሞላ ራሱ ፍሬኑን ጥርቅም አድርጎ ይይዛል። ፋብሪካው እንዲህ አድርጎ የሠራው አየር የሌለው መኪና እንዳይንቀሳቀስ ብሎ ነው። መኪናውን በቧንቧ ለመጎተት የሚፈልግ ሰው ግን ያንን ሞላ በቡሎን እያጠበቀ ያስረዋል፤ ፍሬኑንም በገዛ እጁ ይፈታዋል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ያ ሁሉ ቶን ፍሬን የለውም። ፍሬኑ ያቺ ቧንቧ ብቻ ናት! ከፊተኛው መኪና በጎማ አየር ቢሰጠው ፍሬኑ ሊሠራ ይችል ነበር፤ ግን ይህን የሚያደርግ ስንቱ ነው? አነስተኛው አይሱዙም ቢሆን ሞተሩ ሲጠፋ የፍሬን ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ይደርቃል፤ መሪውም ሁለት ሰው ይፈልጋል።

እዚያ መሪ ላይ የሚቀመጠውስ ማን ነው? ሾፌሩ የፊተኛውን ይነዳል፤ የኋለኛው ላይ የሚወጣው ረዳቱ ነው። መንጃ ፈቃድ የለውም፤ ዕድሜው አሥራ ሰባት አሥራ ስምንት ነው፤ «መሪውን ቀጥ አድርገህ ያዝ፣ ሌላ ምንም አትንካ» ተብሎ ነው የሚወጣው። ነገሩ ሲበላሽ መዝለል አለበት ወይስ መቀመጥ? ይህን የነገረው የለም። ልጁ የአንዳችን ልጅ ነው። ገንዘብ የተቆጠበው ከማን ሕይወት ላይ እንደሆነ «ክሬን መጥራት ቀረ!» ባይነግረንም እኛ እናውቀዋለን።

3ኛ/ «አባቶቻችን ሲያደርጉት ኖረዋል» ስለሚለው

አባቶቻችን በፊያት ኤንትሬ ዘመን ያደረጉት እውነት ነው። ግን የትናንቱ ጭነት የዛሬው ጭነት አይደለም፤ የትናንቱ መንገድም ዛሬ ቤት የተሠራበት፣ ሱቅ የተከፈተበት፣ ትምህርት ቤት የቆመበት ነው። ደግሞስ ያደረጉት ሁሉ በሰላም ገብተዋል ያለን ማን ነው? እኛ ዘንድ ቁጭ ብሎ የሚያወራን የተረፈው ነው፤ ያልተረፈው አይመሰክርም። ሽማግሌ ሾፌሮቻችንን ጠይቁ፤ ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ሲወርዱ፣ ጣርማ በርን አልፈው ወደ ደብረ ሲና ሲያዘቀዝቁ፣ ከሞተር ይልቅ ፍሬንን እንደሚፈሩ ይነግሯችኋል። የአባቶች ትምህርት ይህ ፍርሃት ነው እንጂ ቧንቧው አይደለም።

ታዲያ ምን ይደረግ?

«መከልከል ቀላል ነው፤ ለክሬን የሚከፍል ማን አለው?» እንደምትሉ እናውቃለን። ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሳችንም አትጎትቱ አይደለም፤ በዚህ አትጎትቱ ነው።

ዕድራችን ድንኳን አለው፤ አግዳሚ ወንበር አለው፤ ትልልቅ ድስት አለው። እያንዳንዱ ቤት ለየራሱ ድንኳን ሊገዛ ስለማይችል በጋራ ገዝተን በጋራ እንገለገላለን። እንግዲህ ሰው ከሞተ በኋላ ለሚተከል ድንኳን ያዋጣን ሰዎች፣ ሰው እንዳይሞት ለሚጠቅም ብረት ማዋጣት እንዴት ያቅተናል? ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለ! ስለዚህ ለማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ የሚከተለው እንዲቀርብ እንጠይቃለን።

አንደኛ፣ ማኅበሩ ለከባድ መኪና ተብሎ የተሠራ፣ የሚችለው ክብደት ላዩ ላይ የተቀረጸበት አንድ መጎተቻ ይግዛ። ከመግዛት ማሠራት የሚሻል ከሆነም፣ ሥራውን በስሌት ሠርቶ በፊርማው ኀላፊነት ለሚወስድ ባለሙያ ይስጥ። ወፍራም ግድግዳ ያለው ብረት፣ ሁለት እግር ኖሮት እንደ «ለ» ፊደል የተከፈተ፣ ሁለት ጆሮ መሐል የሚገባ ፒን ያለው፣ ፒኑ ቢከዳ የሚይዙት ሁለት ሰንሰለቶች የተጨመሩበት፣ አየር የሚያስተላልፍ ጎማም አብሮት ያለው ይሁን።

ሁለተኛ፣ መዋጮው የባለመኪናው ከፍ ያለ፣ የሌላው ነዋሪ ዝቅ ያለ ይሁን። የሚጠቀምበትም ለእያንዳንዱ ጊዜ መጠነኛ ክፍያ ይክፈል፤ ገንዘቡ ለዕድሳት ይውላል። መጎተቻው በዕድሩ ዕቃ ግምጃ ቤት ይቀመጥ፤ ከመውጣቱ በፊትና ከገባ በኋላ ይታይ፤ የጎበጠ ወይም የተሰነጠቀ ሆኖ ከተገኘ ከአገልግሎት ይውጣ እንጂ ተቃንቶ አይመለስ።

ሦስተኛ፣ የተጫነ መኪና ጭነቱ ሳይራገፍ አይጎተት። የሚጎትተው መኪና ከሚጎተተው የቀለለ አይሁን። በሚጎተተው መኪና መሪ ላይ መንጃ ፈቃድ ያለው ሾፌር እንጂ ረዳት አይቀመጥ። ፍሬኑ አየር ሳይሰጠው ቁልቁለት አይወረድ። ተማሪ በሚገባበትና በሚወጣበት ሰዓት፣ እንዲሁም ማታ፣ ጭራሽ አይሞከር። ፍጥነቱ ከሰው እርምጃ አይብለጥ፤ ከፊት ለፊትም ሰው ቀድሞ መንገድ ያስለቅቅ።

አራተኛ፣ ይህ እስኪሟላ ድረስ የተበላሸ መኪና ባለበት ይቁም። ጎማው ሥር ታኮ ይግባ፤ ከፊትና ከኋላ ምልክት ይደረግ። የሰፈሩ ሰው ጥበቃውን በተራ ያግዝ። አንድ ሌሊት ማደር ገንዘብ ያስከፍላል፤ ገንዘብ ግን ተመልሶ ይገኛል።

አምስተኛ፣ አሁን በየጋራዡ ቆመው ያሉት ሁለቱ ቀያይ ቧንቧዎች ተቆርጠው ለአጥርና ለጉሊት ዳስ ምሰሶ ይዋሉ። ለዚያ ሥራ ደኅና ብረት ናቸው።

በያጆቻችን ሆይ! «መጎተቻ በይድልኝ» ብሎ ለሚመጣ ሰው «አልበይድም» ማለት ገበያ ማጣት አይደለም፤ ሙያን ማክበር ነው። ሾፌሮቻችን ሆይ! የምትጎትቱት የራሳችሁን መኪና ቢሆንም መንገዱ የሁላችን ነው። «ክሬን መጥራት ቀረ!» ያሉን ወንድማችንም በስብሰባው ላይ ተገኝተው ሐሳባቸውን በግልጽ ይከላከሉ። የተሻለ ሐሳብ ካላቸው እንቀበላለን፤ ቧንቧውን ግን አንቀበልም።

ነገር ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንብን፣ ስብሰባው ሲጠራ ሁላችንም እንገኝ፤ እጃችንን አውጥተን ድምፅ እንስጥ።

ከሰፈሩ ነዋሪዎች አንዱ